በሁለት ሥልጣን መካከል የሚኖር ሕዝብ

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ 1ኛ ሳሙኤል 25፤ 2ኛ ሳሙኤል 2 እና 3፤ ነህምያ 5፥14–19፤ ሉቃስ 3፥1–14



በዚህ ጥናት የምናነሣው ጉዳይ በስብከት ብዙ ጊዜ አይነሣም። ነገር ግን በቆላው የሚያገለግሉ ሠራተኞች ዕለት ዕለት የሚገጥማቸው፣ እነርሱንም በጸሎትና በመባ የምትደግፉ ጉባኤዎች ልታውቁት የሚገባ ነው። ጦርነት ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለብን በመጠኑ ተምረናል፤ የቆሰለውን ማንሣት፣ የተራበውን ማብላት፣ የተሰደደውን መቀበል ነው። ሰላም ሲሆንም ሥራችን የታወቀ ነው፤ የውኃ ጉድጓድ መቆፈር፣ ዘር ማከፋፈል፣ ሕፃናትን ማስተማር ነው። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱም ያልሆነ ዘመን አለ። ተኩሱ ቆሟል ወይም ጋብ ብሏል፤ እርቅ ግን አልወረደም። መንግሥት በከተማው ተቀምጧል፤ የታጠቀው ወገን በገጠሩ ተቀምጧል። ሁለቱም ያዝዛሉ፣ ሁለቱም ያስከፍላሉ፣ ሁለቱም ይዳኛሉ። እንዲህ ያለው ዘመን አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ይቆያል፤ በአንዳንድ አገር ደግሞ ሕፃን ተወልዶ አድጎ ልጅ እስኪወልድ ድረስ ይቆያል።

በዚህ ጥናት ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። በእንዲህ ያለ ዘመን የድኻው ሸክም ምን ይመስላል? የእግዚአብሔር ቃል ለሁለቱም ወገን ምን ይላል? እርዳታ ይዞ የሚሄድ ክርስቲያንስ በመካከላቸው እንዴት ይመላለስ? የአገራችንን ታሪክ በእኛው አቆጣጠር፣ የውጭውን አገር ታሪክ እ.ኤ.አ. በማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

1. አንድ ገበያ፣ ሁለት ግብር

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መንገድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የመተማን ገበያ ያስተዳድሩ የነበሩት ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ነበሩ። ሼኾቻቸው በወዲህ ለኢትዮጵያ፣ በወዲያ ሱዳንን ለያዘው ለግብጽ መንግሥት ይገብሩ ነበር። ለሁለት የገበሩት ሁለቱን ስለወደዱ አይደለም። በሁለት ኃያላን መካከል ያለች ገበያ ለአንዱ ብቻ ብትገብር ሌላው እንደማይተዋት ስለሚያውቁ ነው። እንግዲህ ለሁለት ጌታ መገበር በዚህ መንገድ ላይ አዲስ ነገር አይደለም።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ ስፍራ ነው፤ ከተማውም በስማቸው ይጠራል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ድንበሩ ተሠመረ፤ መተማ በወዲህ፣ ገላባት በወዲያ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) ሠራዊት ከሱዳን ተነሥቶ መተማንና ሁመራን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ የደርግ ጦር መልሶ ያዛቸው። በዚያ ጊዜ ሁለቱም ወገን አንዱን ገበሬ ስንቅ ጠይቀውታል። በ1977ቱ ረሃብ ብዙ ሕዝብ በዚህ ድንበር ወደ ሱዳን ተሰደደ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ስደቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሱዳናውያን በገላባት ድልድይ ወደ እኛ መጡ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራላቸው።

እነዚህ እንግዶች የደረሱት ቆላው ራሱ በተናወጠበት ወቅት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ። በምዕራብ ጎንደር መንገድ ላይ እገታና የማስለቀቂያ ገንዘብ ጥያቄ በረከተ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአውላላ የነበሩ ብዙ ስደተኞች ዘረፋና ጥቃት አስመርሯቸው ከመጠለያው ወጥተው በመንገድ ዳር ሰፈሩ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በመተማ ዮሐንስ ውጊያ በተደረገ ጊዜ ሱዳን የገላባትን መተላለፊያ ዘጋች። ተኩሱ በጋ ክረምት ሳይል አንድ ጊዜ ይጋጋላል፣ አንድ ጊዜ ጋብ ይላል። እኛ በዚህ ጥናት የምናተኩረው ጋብ በሚልባቸው ጊዜያት ላይ ነው።

ነገሩ በገበሬው ዘንድ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ አንድ የቋራ ገበሬ አሥር ኩንታል ሰሊጥ ወደ ገንዳ ውኃ ሊያወርድ ተነሣ እንበል። በሰፈሩ መውጫ የታጠቁ ሰዎች ኬላ አቁመው ለትግሉ አዋጣ ይሉታል፤ ይከፍላል። ቀጥሎ ባለው ኬላ የመንግሥት ሚሊሻ መኪናውን ያስቆማል፤ በላይኛው ኬላ ከፍለሃልና የእነርሱ ደጋፊ ነህ ይለዋል፤ ከጥርጣሬው ለመውጣት እንደገና ይከፍላል። ከተማ ሲደርስ ሕጋዊውን ግብር ይከፍላል። ሲመለስ ደግሞ የላይኞቹ ለመንግሥት ገብረሃል ብለው ይቆጡታል። በዚህ ሁሉ መካከል መሬቱን ጎረቤቱ ቢገፋው፣ ልጁ ቢታገትበት፣ ለማን አቤት ይላል? የከተማው ዳኛ ወደዚያ መንደር ፖሊስ መላክ አልችልም ይለዋል። የበረሃው ዳኛ ደግሞ ከሚፈርድለት ዘመዱ ጋር ይመክራል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለአንድ ንጉሥ የተነገረ ነበር፤ ይህ ገበሬ ግን የማይከሰሱ ሁለት ነገሥታት አሉበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ተኩስ ሲቆም የድኻው መከራ አብሮ አይቆምም፤ መልኩን ይለውጣል። ጥይት ይገድል በነበረበት ቦታ መዋጮው፣ ኬላውና ፍርድ ማጣቱ ቀስ በቀስ ያደክማል። ይህም ድምፅ ስለሌለው ማንም ዜና አያደርገውም።

2. ኬብሮንና መሃናይም

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ዘመን ያውቀዋል። ሳኦል ከሞተ በኋላ በእስራኤል ሁለት መንግሥት ነበረ። ዳዊት በኬብሮን በይሁዳ ቤት ላይ ሰባት ዓመት ከስድስት ወር ነገሠ፤ የሳኦልን ልጅ ኢያቡስቴን ደግሞ የጦሩ አለቃ አበኔር በመሃናይም አነገሠው። በገባዖን ኩሬ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ከዳዊት ሰዎች አሣሄልን ጨምሮ ሃያ፣ ከአበኔር ወገን ሦስት መቶ ስድሳ ሰዎች ወደቁ። በመጨረሻም አበኔር ከኮረብታው ራስ ሆኖ ኢዮአብን ተማጸነው፤ ሰይፍ ይህን ያህል ማጥፋቱ መጨረሻው መራራ እንደሆነ አሳሰበው። ኢዮአብም ቀንደ መለከት ነፋ፤ ሕዝቡም ቆመ (2ኛ ሳሙ. 2፥26–28)። ያ ተኩስ ማቆም ነበር። እርቅ ግን አልነበረም፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚጀምረው በሁለቱ ቤቶች መካከል ጦርነቱ ረጅም እንደነበረ በመናገር ነው።

ያ የቆመው ሰይፍ ምን እንደሆነ አስተውሉ። ኢዮአብ የወንድሙን ደም በልቡ ይዞ ቆየ። አበኔር ለእርቅ ወደ ኬብሮን መጥቶ በሰላም ሲመለስ ኢዮአብ መልሶ አስጠራው፤ በከተማይቱ በር ውስጥ እንደሚነጋገር መስሎ ወስዶ ገደለው። የከተማ በር የፍርድ አደባባይ ነበር። እርቅ ሊጸናበት የሚገባው ቦታ የበቀል ስፍራ ሆነ። ዳዊት በዚያ ቀን ያደረገው ሁላችንን ሊያስተምር ይገባል፤ ገዳዩ የራሱ ወገን ነውና አልሸፈነለትም። ልብሱን ቀደደ፣ ከቃሬዛው በኋላ በእግሩ ሄደ፣ እስከ ማታም እህል አልቀመሰም። በዚህም ሕዝቡ ሁሉ የአበኔር ሞት ከንጉሡ እንዳልመጣ አወቀ። በራስ ወገን የተሠራን በደል በግልጽ ማልቀስ ለእርቅ በር የሚከፍት ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ዳዊት በረሃ በነበረ ጊዜ የሆነውን ደግሞ በ1ኛ ሳሙኤል 25 እናነባለን። ዳዊት ስድስት መቶ ያህል የታጠቁ ሰዎች ነበሩት። ሰዎቹ የናባልን እረኞች በሜዳ ጠበቁ፤ በሸለታውም ቀን ስለዚህ ጥበቃ ድርጎ ጠየቁ። ናባል ሦስት ሺህ በጎችና አንድ ሺህ ፍየሎች ያሉት ባለጠጋ ሲሆን ሰደባቸው። ዳዊትም አራት መቶ ሰው ሰይፍ አስታጥቆ የናባልን ቤት ወንድ ሁሉ ሊያጠፋ ወጣ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእረኞቹ ምስክርነት እውነተኛ ነው፤ የዳዊት ሰዎች ሌሊትና ቀን እንደ ቅጥር ሆነውላቸው ነበር። የታጠቁ ሰዎች ሕዝብን ሊጠብቁ እንደሚችሉ አንክድም። ነገር ግን ዋጋውን የሚተምነው ሰይፍ የያዘው ከሆነ፣ ጥበቃው በአንድ ቀን ወደ ፍጅት ሊለወጥ ይችላል። ይህ በዳዊት፣ እግዚአብሔር በቀባው ሰው፣ እንኳ ሊሆን ከቀረበ በሌላው እንዴት አይሆን? ያን ቀን ደም እንዳይፈስ ያደረገችው አቢግያ ናት። ነገሩን ያስታወቃት ከብላቴኖቹ አንዱ ነበር፤ እርስዋም ሰይፉ ሳይመዘዝ ፈጥና መንገድ ላይ ተገናኘችው። የሰጠችውም ከገዛ ቤትዋ ነበር። ይህን የኋለኛውን ነጥብ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አንዳንዶች፣ ከሁለቱ ሥልጣን የትኛው ነው ከእግዚአብሔር የሆነው? ብለው ይጠይቃሉ። ድርጅታችን በአገሪቱ ሕግ ተመዝግቦ ይሠራል፤ ይህንም ከማንም አንሰውርም። ነገር ግን በሉቃስ 3 የምናየው ነገር አለ። ምዕራፉ የሚጀምረው ገዢዎችን በመዘርዘር ነው፤ ጢባርዮስ፣ ጴንጤናዊው ጲላጦስ፣ ሄሮድስ፣ ፊልጶስ፣ ሊሳንዮስ። አንዲት ትንሽ አገር ለብዙ ተከፍላ ነበር። ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ በመጡ ጊዜ ግን ለማን እንደሚያድሩ አልጠየቃቸውም። ቀራጩን ከታዘዘው አብልጦ እንዳይወስድ፣ ወታደሩን ማንንም እንዳይነጥቅ፣ በሐሰት እንዳይከስና በደመወዙ እንዲረካ ነገራቸው። ለሁሉም አንድ መለኪያ ሰጠ። በኬላ ላይ ለቆመ ሰው ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ የምንናገረው ቃል ይህ ነው።

3. ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ

ረጅም የተኩስ ማቆም ዘመን ሕዝብን ምን እንደሚያደርግ ለማየት በሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ናጋላንድ እንሂድ። ይህች ተራራማ አገር ከበርማ ጋር ትዋሰናለች፤ ሕዝቧም አብዛኛው ክርስቲያን፣ ከዚያም የሚበዛው ባፕቲስት ነው። የናጋ ታጋዮች እ.ኤ.አ. በ1956 የራሳቸውን መንግሥት አወጁ፤ የሕንድ መንግሥት ደግሞ በ1963 ናጋላንድን አንድ ክፍለ አገር አድርጎ አቋቋመ። በአንድ ሕዝብ ላይ ሁለት መንግሥት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሸምግሎ የሰላም ልዑክ እንዲቋቋም አደረገ፤ በዚያው ዓመት መስከረም 6 ቀን ተኩስ ቆመ። ያ ስምምነት በ1972 ፈረሰ። እንደገና እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 1997 ጀምሮ ከዋነኛው የታጋዮች ክፍል ጋር ተኩስ ቆመ፤ የመጨረሻው እልባት ሳይገኝ ዓመታት ነጎዱ። በ2015 የመሠረተ ሐሳብ ስምምነት ቢፈረምም ነገሩ አልተቋጨም።

የሚያስገርመው፣ እነዚህ ታጋዮች ከዲማፑር ከተማ አጠገብ ያቋቋሙት ሰፈር ስሙ ኬብሮን ነው። በዚያ ሚኒስትሮች፣ ጦርና ግብር ሰብሳቢዎች ነበሯቸው። የተኩስ ማቆሙ ደንብ በግድ ገንዘብ መሰብሰብን የሚከለክል ቢሆንም፣ ከየቤቱ ዓመታዊ ግብር፣ ከደመወዝተኛው መቶኛ፣ ከጭነት መኪናው ቀረጥ ይሰበሰብ ነበር። ታጋዮቹም እርስ በርሳቸው ተከፋፍለው ነበር፤ አንዱ ትልቅ መለያየት በ1988 ሆነ። ቡድኑ በበዛ ቁጥር ሰብሳቢው በዛ። ብዙዎቹ ሰብሳቢዎችም ከፋዮቹም በእሑድ በአንድ የጸሎት ቤት የሚቀመጡ ወንድማማቾች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የዲማፑር ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ተባብረው ተነሡ። በጥቅምት 31 ቀን በብዙ ሺህ ሆነው አደባባይ ወጥተው፣ አንድ መንግሥት አንድ ግብር ይሁን አሉ። ልብ በሉ፤ የትኛው መንግሥት ይሁን ብለው አልተጣሉም። የጠየቁት ከሸክሙ ልክ ተነሥተው ነው። ከእነርሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ2008 የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የመሩት የእርቅ መድረክ ተቋቁሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት የተለያዩት ክፍሎች መሪዎች የእርቅ ቃል ኪዳን ፈርመዋል። የመንግሥቱ ጥያቄ ሳይፈታ እንኳ ወንድም ወንድሙን መግደል እንዲያቆም መሥራት እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ረጅም የተኩስ ማቆም ያለ እርቅ ሲቀጥል፣ ከሁኔታው የሚጠቀሙ ሰዎች ይበዛሉ፤ በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው እርቁ ቶሎ እንዲመጣ አይፈልግም። ሁለተኛም፣ ቤተ ክርስቲያን ተኩስ እንዲቆም ከረዳች በኋላ ሥራዬን ጨረስኩ ብላ ብትቀመጥ፣ የቀረው ሸክም በምእመናኗ ትከሻ ላይ ያርፋል።

4. በገዛ አገራችን ያየነው

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት፣ እርዳታ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ከአዲስ አበባና ከአሰብ ወደ መንግሥት ይዞታ ይሄድ ነበር። ሌላው ከካርቱም ተነሥቶ ድንበሩን አቋርጦ ወደ ታጋዮች ይዞታ ይገባ ነበር፤ ይህንም በአብዛኛው የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅቶች ኅብረት ይደግፉት ነበር። በ1982 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ከካቶሊክ የተራድኦ ድርጅት ጋር ተባብረው፣ ጦርነቱ ሳይቆም ሁለቱን ወገን አስፈቅደው፣ ከወሎ በኩል የጦር መስመሩን አቋርጠው ወደ ትግራይ እህል አስገቡ። ይህ የሆነው በድብቅ ለኬላ በመክፈል አልነበረም። በአንድነት፣ በግልጽ፣ ጭነቱ ሳይነሣ አስቀድሞ በመነጋገር ነበር። አቢግያ ሰይፍ ሳይመዘዝ መንገድ ላይ እንደተገናኘች ያለ ነው።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል በፕሪቶሪያ ግጭት የማቆም ስምምነት ተፈረመ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ተቋቋመ። ብዙ ነፍስ ዳነ፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን አመስግነናል። ነገር ግን ስምምነት የአስተዳደርን ጥያቄ በአንድ ቀን አይፈታም። በ2017 ዓ.ም. የሕወሓት አመራር ተከፍሎ የመቀሌ ከንቲባ ወንበር እንኳ የሁለት ወገን መከራከሪያ ሆነ፤ ሕዝቡም ጉዳዩን ለማን እንደሚያቀርብ ግራ ተጋባ።

ለእኛ ለእርዳታ ሠራተኞች ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ከተረጂው እየተነጠቀ በገበያ እንደሚሸጥ ስላገኙ፣ በትግራይ የምግብ እርዳታ አቆሙ። በሰኔ ወር በመላው አገሪቱ፣ ስደተኞችን ጨምሮ፣ ተቋረጠ። ቀስ በቀስ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። እህሉን የሰረቀው ሰው በእነዚያ ወራት አልተራበም። የተራበችው አንድም ኩንታል ያልነካች እናት ናት።

እንግዲህ ሁለት አደጋ በፊታችን ቆሟል። በኬላው ሁሉ ብንከፍል፣ ለድኻ የተሰጠው የጠመንጃ ስንቅ ይሆናል፤ ኬላውም ይበዛል። ብናቆም ደግሞ ጥፋቱ የሌለበት ይራባል። በዚህ ላይ ቀላል መልስ አለን አንልም። ነገር ግን ከሁለቱ አደጋ የሚሻል አካሄድ እንዳለ ከቃሉም ከታሪኩም አይተናል፤ እርሱም አስቀድሞ፣ በግልጽና በአንድነት ለሁለቱም ወገን አንድ ቃል መናገር ነው።

5. በሥራችን እንዴት እንመላለስ

ሀ. የድኻውን ሸክም እንወቅ። ሠራተኛ አዲስ ቀበሌ ሲገባ ስንት አባወራ አለ ብሎ ብቻ አይጠይቅ። እዚህ ሰው ለስንት ወገን ይከፍላል? ነገር ቢገጥመው ማን ዘንድ ይሄዳል? ብሎ ይስማ። የሰማውን ግን የሰው ስም እየጠቀሰ በመዝገብ አይጻፍ፤ ያ ወረቀት በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅምና።

ለ. ለሁለቱም አንድ ቃል እንናገር። ለመንግሥት ቢሮ የምንነግረው ለሌላው ከምንነግረው የተለየ ከሆነ፣ ሁለቱም አንድ ቀን ይደርሱበታል፤ የሚጎዳውም ቀበሌው ነው። ምን እንደጫንን፣ ለማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፋፈል የሚገልጸው ወረቀት አንድ ዓይነት ይሁን።

ሐ. የእኛ ያልሆነውን አንስጥ። አቢግያ የሰጠችው ከገዛ ቤትዋ እንደሆነ አስታውሱ። በመኪናችን ያለው እህል ግን የእኛ አይደለም። በገንዳ ውኃ መጋዘን ከመግባቱ በፊት እንኳ ለተራበው ተሰጥቷል። ስለዚህ ለመተላለፊያ ብለን አንድ ኩንታል እንኳ የመቁረጥ መብት የለንም። ሆኖም ጠመንጃ የተደቀነበት አሽከርካሪ ለእህሉ ሲል ሕይወቱን እንዲሰጥ አንጠይቅም፤ ልጆች አሉት። እህሉን ትቶ ይመለስ። የምንጠይቀው የሆነውን ሳይደብቅ እንዲያስታውቅ ብቻ ነው፤ ኃላፊውም ስላመለከተ አይቆጣው።

መ. እኛ ራሳችን ሦስተኛ ገዢ አንሁን። የተረጂ መዝገብ የያዘ ሰው ብዙ ሥልጣን አለው፤ አንዱን ስም መሰረዝ የአንድን ቤት ምድጃ ማጥፋት ነው። ነህምያ ገዢ ሳለ ለአሥራ ሁለት ዓመት የገዢውን ድርጎ አልበላም፤ በማዕዱ መቶ አምሳ ሰው ቢቀመጥም፣ በሕዝቡ ላይ ያለው ሸክም ከባድ መሆኑን አይቶ ተወው። እኛም መዝገቡን በሕዝብ ፊት እናንብብ። ቅር ያለው የሚያመለክትበት፣ ከሠራተኞቻችን ውጭ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይኑር። ወረፋው በፀሐይ ላይ ረጅም ሰዓት አያቁም።

ሠ. ለብቻችን አንሂድ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ አማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ፣ ከደጋ ለአረም ሊያርም ለአጨዳ ሊያጭድ የወረደው የቀን ሠራተኛና ከሱዳን የመጣው እንግዳ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የኦርቶዶክስ ካህናትና የእስልምና አባቶች ከእኛ በፊት ጀምሮ በዚያ አሉ። ደም የሚያደርቁ፣ ጥል የሚያበርዱ የአገር ሽማግሌዎችም አሉ። ሥራቸውን ከእጃቸው አንውሰድ። ለስብሰባቸው የሚያስፈልገውን ውኃ፣ ጥላና ማጓጓዣ በመርዳት ከኋላቸው እንቁም።

ረ. በራሳችን ወገን የተሠራውን በደል አንሸፍን። እያንዳንዳችን ከአንድ አካባቢ፣ ከአንድ ቤተሰብ የመጣን ነን፤ ልባችንም ወደ አንዱ ያዘነብላል። ዳዊት ከአበኔር ቃሬዛ ኋላ እንደሄደ፣ የእኛ ናቸው የምንላቸው ሰዎች ንጹሕ ሰው ሲበድሉ በጉባኤያችን ስለ ተበደለው በግልጽ እንጸልይ።

6. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ተኩስ በሌለበት ጊዜ ሕዝቡን የሚከብደው ሸክም ምንድን ነው? ከሁሉ የሚከብደውስ በማን ላይ ነው?

2. አቢግያ ለዳዊት የተናገረችውን ቃል አንብቡ (1ኛ ሳሙ. 25፥24–31)። የታጠቀን ሰው ሳትሰድበውና ሳታታልለው ከደም እንዴት መለሰችው?

3. መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮቹን ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ለምን ይመስላችኋል? በጉባኤያችሁ ከሁለቱም ወገን የታጠቁ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ካሉ፣ ይህ ቃል እንዴት ይድረሳቸው?

4. ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦ በመንገድ የተከፈለ ነገር ቢኖር ያለ ፍርሃት የምታመለክቱበት ሥርዓት አላችሁ? ከሌለ ምን ይደረግ?

5. ለደጋፊ ጉባኤዎች፦ የላካችሁት እህል ዘገየ ወይም ተመለሰ ሲባል ልባችሁ ምን ይላል? አንድ መኪና ሳይደርስ የሚቀርበት ምክንያት ታማኝነት ሊሆን እንደሚችል ለምእመናኑ እንዴት ታስረዳላችሁ?

7. የጸሎት ርእሶች

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ለሁለት ወገን እየገበሩ የልጆቻቸውን እህል ስላጡ ገበሬዎች እንጸልይ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው መጥተው በመጠለያ ሌላ ስጋት ስለገጠማቸው እንግዶች፣ በእገታ ስላሉና ማስለቀቂያ ፍለጋ ከብታቸውን ስለሸጡ ቤተሰቦች እንጸልይ። በየኬላው ስለቆሙ ወጣቶችም እንጸልይ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሊሆኑ የሚገባቸው ናቸው። ለገዢዎችና ለታጠቁ መሪዎች እግዚአብሔር የአበኔርን ጥያቄ በልባቸው እንዲያስነሣ፣ የኢዮአብንም ቂም እንዲያርቅ እንለምን። ስለ አሽከርካሪዎቻችንና ስለ መጋዘን ጠባቂዎቻችን ደግሞ በስማቸው እየጠራችሁ በየሳምንቱ እንድታስቡልን አደራ እንላለን።

ጌታ ሥራችሁን ይባርክ። በፍቅሩም ይጠብቃችሁ።